መርዶውን የቀደመው ቴሌቪዥን

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ካርቱም ገና ዝናብ አላየችም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አቧራ የያዘው ነፋስ ሲነሳ መስኮቱን ሁሉ ዘግተን እንቀመጣለን። ታናሽ ወንድሜ የሞተው በዚያ ወር ነው። ትኩሳት ያዘው፣ ወባ ነው ተባለ፣ ሆስፒታል አስገባነው፣ አልተመለሰም። የሰጠው አላህ ወሰደው። ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው እናቴ እንዴት እንደሰማች ነው።

እናቴ ያለችው ወሎ ነው፤ ከደሴ ወረድ ብሎ ባለ ገጠር። እኔ ካርቱም የገባሁት በልጅነቴ ነው። ሱዳናዊ አግብቼ፣ ሴት ልጅ ወልጄ፣ አል-ሳሃፋ በሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። ዛሬ ሰፈሩ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ሱዳንም ጦርነት ሲነሳ በሕይወት ወጥተናል፤ ለዚህም አልሐምዱሊላህ።

ወንድሜ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ አገር ቤት ሥራ ሲጠፋ ወደ እኔ ልምጣ አለ። እናቴ እምቢ አለች። ሱዳን ደርሰን እንመለሳለን ብለው ወጥተው ሊቢያ በረሃ ላይ የቀሩ የሰፈር ልጆች ነበሩ፤ የእናቶቻቸውን ለቅሶ እሷ ራሷ ተቀምጣበታለች። በመጨረሻ የፈቀደችለት ቁርአን አስይዛ አስምላው ነው።

«ከእህትህ ደጅ እንዳታልፍ» አለችው።

አላልፍም ብሎ ማለ። መጣ፤ አላለፈም። ጀብራ በሚባለው ሰፈር የሴራሚክ ሥራ ተማረ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲመለስ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሲሚንቶ ደርቆበት እንደ ጣውላ ይቆማል። ልጄ አጎቷን በአረብኛው «ኻሊ» ነው የምትለው።

«ኻሊ፣ ሱሪህን ብታወልቀው ብቻውን ይቆማል» ትለዋለች።

«አዎ፣ ነገ እሱን ነው ሥራ የምልከው፤ እኔ እተኛለሁ» ይላታል።

ሲሞት መጀመሪያ የደወልኩት ለአጎቴ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የቤተሰቡ ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ነው። የቀብሩን ሰዓት ጠየቀኝና፣

«ለእሷ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ። «አረፋ እየመጣ ነው። በዓሉን በእንባ አታሳልፈው። አረፋ ይለፍና እህቶቿን አስጠርቼ፣ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ በደንቡ አረዳታለሁ።»

በእኛ አገር መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። በማለዳ ነው የሚነገረው፤ የሚረዳው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ዘመድ ቀድሞ ተጠራርቶ ደጅ ላይ ይሰበሰባል። እናት ከሆነች፣ ስትወድቅ የሚይዟት ሴቶች በግራና በቀኝ ይሆናሉ። መንገድ ላይ አይነገርም። ገበያ ላይ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። እኔም እሺ አልኩ። እናቴ ስንደዋወል በምስል ማየት ትወድ ነበር፤ ኔትወርኩ ደካማ ነው እያልኩ ምስሉን ዘጋሁት።

«እሱስ?» ትለኛለች።

«ሥራ ላይ ነው።»

«አላህ ይጠብቀው።»

«አሚን» እላለሁ።

ለቅሶው ላይ ጎረቤቶቼ ያደረጉልኝን ውለታ አልረሳም። ሱዳኖች ሐዘን ሲሆን የቤቱን ሰው ከወንበሩ አያስነሱትም። ወንዶቹ መንገዱ ላይ ድንኳን ተከሉ፤ ሴቶቹ ወጥ ቤቴን ወረሱት። ድስቱ የማን እንደሆነ፣ ስኳሩ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኔ ጓዳ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰው ሲገባ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ «ፋቲሃ» ይላል። እኔም መዳፌን እዘረጋለሁ። ሱራውን አብረን እንቀራለን፤ ፊታችንን እናብሳለን። ይህ ነው ሰላምታው። መዳፉን የዘረጋን ሰው ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ለምን መጣህ አይሉትም።

እሷም እንደዚያ ነው የገባችው። ወጣት ናት፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ አማርኛዋ የአዲስ አበባ ነው። መዳፏን ዘረጋች፤ ዘረጋሁላት። ከዚያ አቀፈችኝና አለቀሰች። የውሸት እንባ አልነበረም፤ ዛሬም እንዲህ ነው የማምነው። አጠገቤ ተቀመጠች። ከቀረበው ገንፎ ሁለት ጊዜ ጎረሰች።

«ላናግርሽ፣ እህቴ?» አለችኝ።

«እሺ እህቴ፣ አላህ ይስጥልኝ» አልኳት።

«እንዴት ሆነ?»

ለቅሶ የመጣ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለመጣው ሁሉ መናገር ነው ደንቡ፤ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረው፣ ምን ብሎ እንደነበር፣ መጨረሻ ላይ ውሃ እንደጠየቀ። ለእሷም ነገርኳት። በስተኋላዋ ካሜራ የያዘ ሰው ቆሞ ነበር። አይቼዋለሁ። እኛ ጋ ለቅሶ ሁልጊዜ ይቀረጻል፤ ጅዳ ላሉት፣ ቤሩት ላሉት፣ መምጣት ላልቻለ እህትና ወንድም ይላካል። እነሱም ከትልልቆቹ መደበቅ ያለበትን ያውቃሉ። የአገር ልጆች ማኅበር የላከው ነው ብዬ አሰብኩ። አፌ አጠገብ ያስጠጋችውን ትንሽ ነገር ልብ አላልኩትም። ልጄ የአጎቷን ፎቶ ታቅፋ ነበር፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ እሱንም ቀረጸ። ከድንኳኑ ስር ከወንድሜ ጋር ይሠሩ የነበሩ ልጆች ተቀምጠው ነበር። እነሱንም።

ስትሄድ ድጋሚ አመሰገንኳት። በዚያ ቀን ስለ ወንድሜ እንደ እሷ ረጋ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጓደኛዬ መጣች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሰፈሩ ውስጥ ሻይ ትሸጣለች። ገና በሩ ላይ ሆና፣

«አንቺ፣ በቲቪ ልትወጪ ነው!» አለችኝ።

«የምን ቲቪ?»

«ያ ስለ ስደተኛ የሚያሳዩት ነዋ! የፊታችን ረቡዕ ምሽት ነው አለ። ማስታወቂያው ‹ከካርቱም› አለና አንቺን ድቅን አደረገሽ። ደንግጬ ሻዩን ደንበኛዬ ላይ ደፋሁት። ‹ይቺ እኮ ጓደኛዬ ናት!› እለዋለሁ፤ ‹ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ?› ይለኛል።»

እየሳቀች ነበር። ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

«ምነው እቴ?»

«እናቴ አልሰማችም» አልኳት።

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

እናቴ ቤት ቴሌቪዥን የለም። ጎረቤቷ ጋ አለ። ሱዳን የሚል ቃል በተሰማ ቁጥር ጎረቤቷ በአጥር ላይ ትጣራለች፤ እናቴ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። ካርቱም ምን ያህል ሰፊ እንደሆነች ባታውቅ ነው፤ «አንድ ቀን አያችኋለሁ፤ አላህ ይችላል» ትለኝ ነበር።

በማግስቱ አጠያይቄ የጣቢያው ቢሮ ሄድኩ። ዐማራት ውስጥ ነው፤ መንገዱ በቁጥር ስለሚጠራ ለማግኘት አልተቸገርኩም። የአንድ ቪላ ፎቅ ተከራይተዋል። ለቅሶው ላይ ያናገረችኝ ልጅ ስታየኝ ከወንበሯ ተነስታ አቀፈችኝ። እንዴት ነሽ፣ ልጅሽስ አለችኝ። ሁሉን ጠየቀችኝ። ከዚያ ነገርኳት።

ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«መርዶ አልደረሳትም?» አለች።

«አልደረሳትም።»

«ወላሂ አላወቅሁም። ማንም አልነገረኝም።»

«አልጠየቅሽኝም» አልኩ። የቁጣ አይደለም፤ እንዲያው ነው ያልኩት።

አለቃዋ ከሚቀጥለው ክፍል መጣ። ሸምገል ያለ፣ የታረመ ንግግር ያለው ሰው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣልኝ፤ ጠጣሁ። ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ ራሴን አሳየኝ። «ላናግርሽ፣ እህቴ?» ትላለች እሷ። «እሺ እህቴ፣ አላህ ይስጥልኝ» እላለሁ እኔ። አቆመው።

«እንግዲህ ይኸውልሽ» አለኝ። «ካሜራውን አይተሽዋል። አልከለከልሽም። እሺ ብለሻል፤ አመስግነሻል። እኛ ዘንድ ፈቃድ ማለት ይህ ነው።»

«ለቅሶ የመጣን ሰው እንዴት ብዬ ልከልክል?»

«እሱ ይገባኛል።»

«ለአገር ሁሉ እንደሚታይ አልነገረችኝም።»

«ይገባኛል» አለ ድጋሚ። በእርግጥም የገባው ይመስላል። ግን ፊልሙ ከእጃቸው ወጥቷል፤ ወደ ዋናው ቢሮ ሄዷል፤ የሚወስኑት እዚያ ያሉት ናቸው። እኔው ፊት ደወለላቸው። «አዎ... አዎ... ገባኝ... አዎ» ሲል ሰማሁት። ስልኩን ዘግቶ፣

«ፊትሽን ያደበዝዙታል» አለኝ። «ማንም አያውቅሽም።»

«እናቴ በድምፄ ታውቀኛለች።»

«ድምፁን ለመቀየር ጊዜ የለም ነው የሚሉት።»

«የወንድሜን ፎቶስ?»

«እሱማ ሞቷል» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ቆይቼ ነው ያሰብኩት። የሞተ ሰው ተቀየምኩ አይልም ማለቱ ይመስለኛል። እኔ ግን በሕይወት ሳለ እንኳ ፎቶ መነሳት የማይወድ ልጅ እንደነበር አውቃለሁ። ያ ፎቶ ራሱ እናቴ ለማየት ብላ ጨቅጭቃው የተነሳው ነው።

ልጅቱ ደረጃውን አብራኝ ወረደች። እጄን ይዛ ነበር።

«ቀድማችሁ አርዷት፣ እህቴ» አለችኝ። «ሌላ መላ የለም።»

«አላህ ይስጥልኝ» አልኳት። አፌ ለምዶት ነው። መንገድ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«ረቡዕ?» አለ። «ምን እያልሽኝ ነው? እህቶቿ አንዷ ባቲ፣ አንዷ ከሚሴ ናቸው። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ። እንዴት አድርገው ይደርሳሉ?»

«አንተ ብትነግራትስ፣ ጋሼ?»

«ብቻዬን? እኔም እኮ ሽማግሌ ነኝ። ብትወድቅብኝ በየትኛው ክንዴ ልያዛት?»

ምርኩዙ መሬት ሲመታ ሰማሁት። ከዚያ፣

«ቴሌቪዥኑን እኔ እዘጋዋለሁ» አለ።

«ጣቢያውን?»

«ኧረ የሰፈሩን ነው!»

እውነቱን ነበር። ምርኩዙን ይዞ ቴሌቪዥን ያለበትን ቤት ሁሉ ዞረ። ሰዉም አላሳፈረውም። ረቡዕ ዕለት የዲሹን ሽቦ የነቀለ ነቀለ፤ ሪሲቨሩን ጓዳ የከተተ ከተተ፤ መብራት ጠፋ ብሎ ራቱን በኩራዝ የበላም አለ። የእናቴ ጎረቤት ከሁሉ በላይ ተጨነቀች፤ እናቴ ምሽቱን ወግ ልትጠርቅ መጥታ የተሸፈነውን ቴሌቪዥን ስታይ ምን ልበላት ብላ፣ «አሞታል» አለቻት አሉ።

በማግስቱ አጎቴ ይህን ሲነግረኝ፣ «እናትሽ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‹ምን ዓይነት በሽታ ነው፤ የሰፈሩ ቲቪ ሁሉ ባንድ ቀን ተኛ› አለች» አለኝ።

ሳቅን። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ገና የዚያን ቀን ነው የሳቅሁት። አልሐምዱሊላህ አልኩ። እነዚያን ጎረቤቶች ዛሬም በዱዓዬ አነሳቸዋለሁ።

እኛ ግን ረቡዕ ምሽት አየነው። ባለቤቴ፣ ልጄ፣ ጓደኛዬና እኔ ነን። ፊቴ ላይ ውሃ የተደፋበት ይመስላል፤ ዓይንም አፍም የለኝም። ድምፄ ግን የራሴው ነው። እጄም የራሴው ነው፤ ቀለበቴ ሳይቀር ይታያል። የድንኳኑን ልጆች ፊት አልሸፈኑትም፤ አንድ በአንድ እያቀረቡ አሳዩአቸው። ብዙዎቹ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላቸውም። ከዚያ የወንድሜ ፎቶ መጣ፤ መስኮቱን ሞልቶ፣ ጥርት ብሎ። በፎቶው ላይ የሚናገረው ሰው እንዲህ አለ፤ «ይህ ወጣት ወደ ሊቢያ ለመሻገር በዝግጅት ላይ ሳለ ነበር ሞት የቀደመው።»

እኔ እንዲህ አላልኩም። ልጅቱ፣ «ከዚህ ወደ ሊቢያ የሚሄዱ ልጆች አሉ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «አሉ፤ አላህ ይጠብቃቸው» ብያለሁ። እሱን ቆርጠው ከፎቶው አጠገብ ቀጠሉት። «አሉ፤ አላህ ይጠብቃቸው» ስል ተሰማሁ፤ ፎቶው ወዲያው መጣ።

ልጄ ተነስታ ቆመች። አማርኛዋ ብዙ አይደለም፤ እኔንም በአረብኛ «ዩማ» ነው የምትለኝ፤ ይህን ግን ሰምታዋለች።

«ዩማ፣ ዋሹ! ኻሊ መቼ ሊቢያ ሄደ? ኻሊ ጀብራ ነው!»

ባለቤቴ አማርኛ አይሰማም። ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። በአረብኛ ስነግረው መዳፉን በመዳፉ መታ።

«ማዓሌሽ» አለኝ፤ አይዞሽ፣ ምን ይደረግ እንደማለት ነው።

ጓደኛዬ ሻሿን ፈትታ ድጋሚ አሰረች።

ለጋዜጠኛዋ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ቆይታ መልእክት ላከችልኝ። «እኔ እንዲህ አልጻፍኩም፤ እዚያ ነው የቀየሩት። ይቅር በይኝ» ይላል። አመንኳት። ባምናትም ምንም አልተለወጠም። የት ሄጄ፣ ለማን፣ በየትኛው አገር ሕግ እንደምከስ የነገረኝ ሰው የለም። ጣቢያው ያለው አንድ አገር፣ እኔ አንድ አገር፣ እናቴ አንድ አገር ናቸው።

ከድንኳኑ ልጆች አንዱ በበነጋው መጥቶ ነበር፤ ከእንግዲህ የቀን ሥራ ወደሚቆሙበት አደባባይ ለጊዜው አንወጣም አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምን አደረግሽ አንቺ፣ እትዬ» አለኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «የእኛን ፊት ማደብዘዝ ረስተውት አይደለም፤ ኢቃማ የሌለው ሰው ድሮም ደብዛዛ ነው ብለው ነው» አለ።

የአረፋ ዋዜማ ደረሰ። አጎቴ ለእናቴ እህቶች መልእክት ልኮላቸዋል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሊመጡ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ቢቆይልን፣ ሁሉም በደንቡ ይሆን ነበር። የሰፈሩ ሰው አፉን ዘግቷል። የገበያውን ሰው አፍ ማን ይዘጋዋል?

እናቴ የበዓሉን ልትሸምት ገበያ ወጣች። ሽንኩርት ገዝታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትመለስ ከሌላ ቀበሌ የመጣች ሴት አየቻት። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። መርዶው ያልደረሳት እናት በቴሌቪዥን የሚታይ ለቅሶ ይኖራታል ብላ በምን ታስብ? የያዘችውን ጥላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«አላህ ሶብር ይስጥሽ! ልጅሽን እኮ በቲቪ አየነው!»

እናቴ፣ «የትኛውን?» ነው ያለችው አሉ። «የትኛውን ልጄን?»

በቆመችበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚይዛት ሳይኖር። ሽንኩርቱን አልጣለችውም። ይዛው ቁጭ አለች አሉ። ሰው መጥቶ አንስቷት ቤቷ ሲያደርሳትም በእጇ ነበር።

አጎቴ ከሰዓት በኋላ፣ አሱር ላይ ደውሎ «ሰማች» አለኝ። ስልኩን ዘጋው።

መግሪብን ሰግጄ ሳበቃ እናቴ ራሷ ደወለች። በስተኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል።

«ልጄ» አለች።

«እማ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

«ሊቢያ ሊሄድ ነበር?» አለችኝ።

«አልነበረም፣ እማ። ወላሂ አልነበረም።»

«እነሱ ተናግረዋል።»

«እነሱ ናቸው ያሉት። እኔ አላልኩም።»

«ድምፅሽ ነው አሉኝ።»

«ድምፄ ነው፣ እማ። እንደዚያ ግን አላልኩም።»

«ሥራ ላይ ነው ትይኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ስለ ሞቱ አላህን አልጠይቅም» አለች። «የሰጠ ወሰደ። ግን ቁርአን ይዞ ምሎልኝ ነበር። መሐላውን አፍርሶ ነው የሞተው ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«አላፈረሰም።»

«እንዴት አድርጌ ልመንሽ?» አለች። እንዲህ ያለችኝ ልትወቅሰኝ አይደለም። መንገዱ ጠፍቷት ነው የምትጠይቀኝ። እኔም ጠፍቶኝ ነበር። መስመሩ ተቋረጠ።

በማግስቱ ጠዋት የዒዱን ሶላት ሜዳው ላይ ሰገድኩ። ተክቢራው ከየመስጊዱ ይሰማል፤ በየደጁ በግ ይጮኻል። ከሶላት በኋላ ወደ ቤት አልተመለስኩም። ረክሻ፣ የእነሱን ባጃጅ፣ ይዤ ጀብራ ሄድኩ።

ወንድሜ ሲታመም ይሠራበት የነበረውን ቤት አይቼው አላውቅም፤ ጓደኞቹ በመስጊዱ ምልክት ነግረውኝ ነበር። የቤቱ ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሃጃ ይላታል። ዒድ ስለሆነ በሩ ክፍት ነው። ግቢው ውስጥ ልጆቿ በግ እየገፈፉ ነበር። የእሱ እህት ነኝ ስላት፣ በእጇ የያዘችውን ሰፌድ አስቀምጣ መዳፏን ዘረጋች። ዘረጋሁ። ፋቲሃ ቀራን።

«የት ጠፋ እያልኩ ነበር» አለችኝ በአረብኛ። «ጓደኞቹ ሲነግሩኝ ቀብሩ አልፏል። ነይ።»

ሳሎኑን አሳየችኝ። ነጭ ሴራሚክ ነው፤ በጠርዙ ግራጫ መስመር ዞሮበታል። አልቋል። ወጥ ቤቱ አላለቀም። ግማሹ አፈር ነው፤ የሴራሚኩ ካርቶን ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። ጥግ ላይ አንድ ባልዲ አለ። ውስጡ የጎማ መዶሻው፣ ውሃ ልኩ፣ መቁረጫው ታጥበው በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«‹ሃጃ፣ ይህን ከዒድ በኋላ ነው የምጨርስልሽ፤ ዕቃዬን ማንም እንዳይነካብኝ› ብሎኝ ነበር» አለች። «ይኸው፣ ማንም አልነካውም።»

ስልኬን አወጣሁ። ግን አልከፈትኩትም።

«ሃጃ፣ እናቴን በስልክ ላሳያት ትፈቅጂልኛለሽ? የምታየው እሷ ናት፤ ቤቷ ለቅሶ የመጡ ሴቶች አሉ። አይቀረጽም። ለማንም አይላክም።»

አየችኝ። ለምን እንዲህ አስረዝሜ እንደምጠይቃት ግራ የገባት ይመስለኛል።

«ቤቱን አሳዪያት» አለች። «ልጆቼን እንዳታሳዪ፤ ደም በደም ናቸው፣ ያፍራሉ። እኔንም ተዪኝ።»

«እሺ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ በምስል ደወልኩ። ምስሉን ከዘጋሁ ወዲህ ገና ያን ቀን መክፈቴ ነው። እናቴ አነሳች። ፊቷን አየሁት፤ ፊቴን አየችው። የሚደበዝዝ ነገር አልነበረም። ከኋላዋ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሃጃ ከስልኩ ውጭ፣ በሩ ጋ ቆማ መዳፏን ዘርግታ «ፋቲሃ» አለች። እናቴ ድምፁን ሰማችና ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ መዳፏን ዘረጋች።

ከዚያ ስልኩን አዞርኩት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች።

«እሱ ያነጠፈው ነው፣ እማ። ያ ደግሞ ዕቃው ነው፤ ባልዲው ውስጥ። ከአረፋ በኋላ ይህንን ወጥ ቤት ሊጨርስ ነበር።»

አንዷ ሴት፣ «እንዴት ያምራል» ስትል ሰማሁ።

«አይታየኝም» አለች እናቴ። «ጠጋ አድርጊው።»

በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ስልኩን ወደ መሬት ዝቅ አደረግኩና ከሳሎኑ በር ጀምሬ ወለሉን አንድ በአንድ አሳየኋት።